ተማሪዎች ወደ ውሳኔው ከየት ላይ ይግቡ?

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በውሳኔ ይሳተፉ ወይስ አይሳተፉ የሚለው ጥያቄ በሕግ ደረጃ ምላሽ ካገኘ ቆይቷል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተማሪዎችን የመደራጀትና የመወከል መብት ይቀበላሉ፤ የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጅስሌሽንም፣ ማለትም የውስጥ መተዳደሪያ ደንቡ፣ በአብዛኛው ከትምህርት ክፍል እስከ ሴኔት (የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የአካዳሚክ አካል) ባሉት እርከኖች ለተማሪ ተወካይ ወንበር አስቀምጧል። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የምፈልገው ከወንበሩ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ተማሪው ወደ ውሳኔው የሚገባው ችግሩ ተለይቶ መፍትሔ ሲታሰብ ነው፣ ሰነዱ ሲረቀቅ ነው፣ ወይስ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ለማጽደቅ እጅ ሲወጣ? በአብዛኛው የማየው የመጨረሻውን ነው፤ የተማሪ ውክልና ፍሬ አልባ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

በመምህርነትና በትምህርት ክፍል ኃላፊነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት የትምህርት ጉዳዮችን በሚወስነው የአካዳሚክ ኮሚሽን ብዙ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጫለሁ። የተማሪዎች ተወካይ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከጠረጴዛው ጫፍ ከበሩ አጠገብ ነው። መምህራን ሰነዱን በኢሜይል ቀደም ብለው ያገኙታል፤ ተወካዩ ግን በስብሰባው ጠዋት ታትሞ ሲታደል ነው የሚያየው። የአንድ ፕሮግራም የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ በቀላሉ ከ50 ገጽ በላይ ይሆናል፤ እሱን በዚያች ሰዓት አንብቦ፣ ተማሪዎችን አማክሮ፣ አቋም ይዞ መናገር ለማንም ሰው የሚቻል አይደለም። በመጨረሻ ሰብሳቢው «ከተማሪዎች በኩል የሚባል ነገር ካለ» ብሎ ዕድል ሲሰጠው ልጁ የሚያውቀውንና የተላከበትን ጉዳይ ያነሳል፤ ዶርም ውስጥ ውኃ ከጠፋ መክረሙን፣ ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜ መዘጋቱን ይናገራል። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ «ተማሪዎች ከምግብና ከውኃ ያለፈ ነገር አያነሱም» የሚል አስተያየት በኮሪደሩ ይሰማል። ይህ ፍርድ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተፈረደበት ተማሪ ሰነዱን የማንበብ ዕድል እንኳ አላገኘም።

ደግሞስ ምግብ ትንሽ ጉዳይ ነው ያለው ማን ነው? በእኔ ግምት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ እውነተኛ የተማሪ አጋርነት የሚታይበት አንድ ቦታ ቢኖር የተማሪዎች ምግብ ቤት ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በማውቀው ግቢ የተማሪዎች ኅብረት የምግብ ቤት ኮሚቴ አባላት በየተራ ማለዳ ተነስተው ወደ ንብረት ክፍል ይሄዳሉ። የዕለቱ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይትና ምስር ከመጋዘን ሲወጣ ሚዛኑ ፊት ይቆማሉ፤ በሞዴል 22 (የእቃ ወጪ ማድረጊያ ደረሰኝ) ላይ የተጻፈው መጠንና ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር መመሳሰሉን ያያሉ፤ ከዚያ እቃው ወጥ ቤት እስኪገባ ድረስ አብረው ይሄዳሉ። አዲስ እቃ ከአቅራቢ ሲመጣም ሞዴል 19 (የእቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ጤፉን በእጃቸው ዘግነው፣ ዘይቱ የሚያበቃበትን ቀን አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። እንጀራው በውል ከተቀመጠው ክብደት በታች ሆኖ ሲገኝ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ተማሪውም፣ የምግብ ቤቱ ኃላፊም፣ የአቅራቢው ወኪልም ይፈርማሉ።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ፣ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቢሮዬ መጥቶ በእጁ የሠራውን ሠንጠረዥ አሳየኝ። ለሳምንቱ ከመጋዘን የወጣውን ዘይት በተመጋቢው ቁጥር አካፍሎ፣ በሁለቱ የምግብ ቤት አዳራሾች መካከል ያለውን ልዩነት አስቀምጦታል። የጠየቀኝ ስሌቱ ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥለት ብቻ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ጉዳዩም ለተማሪዎች ዲን ቀርቦ የአወጣጡ አሠራር ተስተካከለ። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት የአንድን ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያሳድግ፣ ያ ገንዘብ በእርግጥ ሳህኑ ላይ መድረስ አለመድረሱን ከማንም በላይ ሊያረጋግጥ የሚችለው እንዲህ ያለው ተማሪ ነው።

የምግብ ቤቱ አሠራር ለምን ውጤት እንዳመጣ ሳስብ ምክንያቶቹ ግልጽ ሆነው ይታዩኛል። ተማሪው የሚገባው ወጡ ከተሠራ በኋላ ሳይሆን እቃው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ነው። መረጃውን በዓይኑ ያያል፤ የሚነገረው በሪፖርት አይደለም። ፊርማው ትርጉም አለው፤ እሱ ካልፈረመ ሒደቱ ይቆማል ወይም ቢያንስ ምክንያት ይጠየቅበታል። ስለ ጉዳዩ ያለው ዕውቀትም በማንም አይናቅም፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላው እሱ ነውና። ታዲያ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚበላው ምግብ ያለው ዕውቀት የሚታመን ከሆነ፣ በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ስለሚቀመጥበት የመማሪያ ክፍል ያለው ዕውቀት ለምን አይታመንም?

በአንድ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ወቅት የገጠመን ነገር ይህንን በደንብ ያስረዳል። ክለሳውን የምንመራው መምህራን የኮርሶቹን ይዘት፣ የክሬዲት ሰዓት ድልድሉንና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያለውን መመሳሰል ስንመረምር ሰነበትን። ረቂቁ ገና ሳይጠናቀቅ ሁለት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠርተን፣ የአራቱን ዓመት የኮርስ ቅደም ተከተል በሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ በየሴሚስተሩ ምን እንደገጠማቸው እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። አንዷ ተማሪ ብዙም ሳትቆይ የመመረቂያ ጽሑፍ ንድፍ (ፕሮፖዛል) የሚጠየቀው በአንደኛው ሴሚስተር ሆኖ፣ የምርምር ዘዴን ለመተግበር የሚያስፈልገው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ኮርስ ግን በሁለተኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ አመለከተች። ተማሪዎቹ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት ከበላያቸው ከተመረቁ ልጆች ጽሑፍ በመገልበጥ እንደሆነም ሳትሸሽግ ነገረችን። እኛ ለዓመታት «ተማሪዎች ይኮርጃሉ» እያልን በየስብሰባው ስናማርር የነበረው ነገር፣ ቢያንስ በከፊል፣ የኮርስ አደራደር ችግር ነበር ማለት ነው። ይህንን በስብሰባ ክፍላችን ውስጥ የነበረ አንድም መምህር ሊያየው አልቻለም፤ እያንዳንዳችን የምናውቀው የራሳችንን ኮርስ ነው፣ አራቱን ዓመት ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈው ግን ተማሪው ብቻ ነው። ያቺ ተማሪ ረቂቁ ተጠናቆ ለአካዳሚክ ኮሚሽን በቀረበበት ዕለት ብትጠራ ኖሮ፣ አንደኛ ነገሩን ለመናገር አትደፍርም፤ ሁለተኛ ብትናገርም «በሚቀጥለው ክለሳ ይታያል» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የመምህራን ግምገማ ተሳትፎ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው ቅጽ ይሞላል፤ በብዙ ቦታም ያንን ሳይሞላ ግሬዱን በኦንላይን ማየት አይችልም። ነገር ግን ቅጹ የሚሞላው ኮርሱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ለሞላው ተማሪ የሚለወጥለት ነገር የለም፤ ውጤቱንም አያየውም፤ በአስተያየቱ መነሻነት ምን እንደተደረገ የሚነግረውም የለም። ስለዚህ ብዙዎች ሳያነቡ በአንድ መስመር ምልክት አድርገው ይወጣሉ፤ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል ልምጣ። ተማሪውን ከመጀመሪያው ለማስገባት የሚያስፈራን ለምንድን ነው? መልሱ በከፊል በታሪካችን ውስጥ ነው ያለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የተማሪዎች ማኅበር የተጀመረው በክርክርና በግጥም ምሽት፣ በስፖርትና በጋዜጣ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ግን ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ ሲገደል፣ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኮሱ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣ፣ ኅብረታቸውና ጋዜጣቸው ነፃ እንዲሆኑ ጠይቀው፣ ነገሩ ወደ ከተማው ተስፋፍቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አስተዳዳሪው «ኅብረት» ሲባል ሰልፍ ይታየዋል፤ ተማሪው ደግሞ «ተወካይ» ሲባል የመንግሥት ጆሮ ይታየዋል። ሁለቱም ፍርሃቶች ከባዶ ሜዳ የመጡ አይደሉም።

የዚህ ፍርሃት ትምህርት ግን እኔን ወደ ሌላ ድምዳሜ ነው የሚወስደኝ። በ1993 ዓ.ም. ከቀረቡት ጥያቄዎች ውስጥ ጋዜጣ ማሳተምና ነፃ ኅብረት መምረጥ በማንኛውም ጤናማ ዩኒቨርሲቲ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚያልቁ ጉዳዮች ነበሩ። ጠረጴዛው ሲጠፋ ነው ጥያቄው ወደ መንገድ የወጣው።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ተሳትፎ የሚመስል ነገር በገፍ አየን፤ የትምህርት ልማት ሠራዊት፣ አንድ ጠንካራ ተማሪ አምስቱን የሚመራበት አንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ የሰላም ፎረም። ጠንካራው ተማሪ ደካማውን እንዲያግዝ የማድረግ ሐሳቡ በራሱ ጥሩ ነበር፤ በአንዳንድ ቡድኖች ውስጥም በእርግጥ እርስ በርስ የተረዳዱ ተማሪዎችን አውቃለሁ። ሆኖም ግንኙነቱ ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ዕቅዱ ከላይ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ከታች ይወጣል፣ ተማሪው የሚጠየቀው ስንት ጊዜ እንደተሰበሰበ እንጂ ምን መለወጥ እንዳለበት አልነበረም። ዛሬ ስለ ተማሪ ተሳትፎ ስናነሳ ብዙ መምህራን ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ያንን ጊዜ ስለሚያስታውሱ ነው፤ እነሱን ለማሳመን ልዩነቱን በሥራ ማሳየት ያስፈልጋል።

ወንበር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከደቡብ አፍሪካም መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ካውንስል፣ በሴኔቱና አማካሪ በሆነው የተቋም መድረክ ውስጥ እንዲኖሩ ያስገድዳል፤ በወረቀት ላይ ከእኛ እጅግ የላቀ ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 በጆሃንስበርግ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ለቀጣዩ ዓመት የ10.5 በመቶ የክፍያ ጭማሪ ማሰቡ ሲታወቅ፣ ተማሪዎች የግቢውን መግቢያዎች ዘግተው ተቃወሙ፤ እንቅስቃሴው አገሪቱን አዳረሰ፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም በዚያው ወር እ.ኤ.አ. ለ2016 ጭማሪ እንደማይኖር ለማስታወቅ ተገደዱ። ችግሩ ተማሪው በካውንስሉ ውስጥ አለመኖሩ አልነበረም። የገንዘቡ ጥያቄ ወደ ካውንስሉ ሲደርስ ምርጫዎቹ ጠበው፣ የመንግሥት ድጎማ ተወስኖ፣ የቀረው ስንት በመቶ ይጨመር የሚለው ብቻ ነበር። ጥቂት ድምፅ ይዞ በመጨረሻው በር የገባ ተወካይ ሊለውጠው የሚችለው ነገር አልነበረም።

በስኮትላንድ የምወደው ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አስተዳደር ሕግ በእያንዳንዱ ተቋም የበላይ ቦርድ ውስጥ በተማሪዎች ማኅበር የሚሰየሙ ሁለት ተማሪዎች እንዲኖሩ ያዛል። ሁለት መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕድሜያቸው የወላጆቹን በሚያህል ሰዎች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ወጣት ዝም ይላል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ሐሳብ ያነሳለታል፣ አንዱ ሲቀር ሌላው ይገኛል። ከዚያም በላይ በብሪታኒያ የኅብረቱ ዋና ዋና ተመራጮች አንድ ዓመት ትምህርታቸውን አቁመው ወይም ከምረቃ በኋላ ቆይተው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሠራሉ። የእኛ የኅብረት ፕሬዚዳንት ሙሉ ክሬዲት ተሸክሞ፣ ሚድ ኤግዛም እየተፈተነ፣ ሌሊት በዶርም ጠብ እየተጠራ፣ ጠዋት ሴኔት እንዲገባ ይጠበቅበታል። ደመወዝ መክፈል ለእኛ አገር ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ በሴሚስተሩ የሚወስደውን ኮርስ መቀነስና ስብሰባ ላይ ሆኖ ያለፈውን ፈተና ያለ ቅጣት መፈተን ግን ምንም ወጪ የለውም።

ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነት የሚጠይቁ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የስብሰባ ሰነድ ለሁሉም አባል በተመሳሳይ ቀን ይድረስ፤ ለመምህሩ በኢሜይል ለተማሪው በእጅ መሆኑ ይቅር። ተማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ ይመለስላቸው፤ ይህ ለተማሪው ክብር ከመሆኑም በላይ ተወካዩ ወደ መራጮቹ ተመልሶ የሚናገረው ነገር ይሰጠዋል፣ «ተሸጠ» ከሚለው ሐሜትም ያድነዋል። ተሰናባቹና አዲሱ ተወካይ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር አብረው ይሥሩ፤ አሁን ባለው አሠራር ልጁ የሴኔቱን ቋንቋ መረዳት ሲጀምር ይመረቃል፣ ተተኪው ከዜሮ ይነሳል። ተወካዩ ሁልጊዜ ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ተማሪ መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ ዊዝድሮው አድርጎ (ትምህርቱን አቋርጦ) በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) የተመለሰ ተማሪ ስለ ሬጅስትራር አሠራር ከማናችንም በላይ ያውቃል። ሴት ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ ከምሽቱ ስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያስፈራ ያውቃሉ፤ የመብራት ምሰሶ የት ይተከል የሚለውን ውሳኔ ያለ እነሱ መወሰን ስህተት ነው። ማየት የተሳነው ተማሪም እንዲሁ፤ አዲስ ሕንፃ ሲነደፍ መጠራት ያለበት ሪባን ሲቆረጥ አይደለም።

ይህን ስል ተማሪው ሁሉንም ይወስን ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። የሌላ ተማሪ ግሬድ፣ የፈተና ይዘት፣ የአንድ መምህር የግል ማኅደር የተማሪ ተወካይ ሊያያቸው የማይገቡ ናቸው። በሙያ ደረጃ የአንድን ኮርስ ጥልቀት የሚወስነውም መምህሩ ነው፤ ተማሪ አስቸገረው ተብሎ ካልኩለስ ከምህንድስና አይወጣም። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ችግር አለ። ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች በሚኖሩበት ግቢ የኅብረት ምርጫ በቀላሉ የብሔር ቆጠራ ይሆናል፤ ፕሬዚዳንቱ ከዚህ ከሆነ ምክትሉ ከዚያ ይሁን የሚል ድርድር የጉዳዩን ቦታ ይወስዳል። በግቢዎቻችን የደረሰውን ጥፋት ያየ ሰው ይህንን አቅልሎ ሊያየው አይችልም። የምርጫው መሠረት ክፍል ሲሆን ግን ነገሩ ሲረግብ አይቻለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ለሦስት ዓመት አብረው ላቦራቶሪ የሠሩ ተማሪዎች ማን ሃንድአውት ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚያመጣላቸው፣ ማን ከመምህር ጋር ሲነጋገር እንደማይፈራ ያውቃሉ፤ ሲመርጡም ያንን ያስባሉ። ከክፍል ተወካይ ወደ ትምህርት ክፍል፣ ከዚያ ወደ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ሴኔት የሚወጣ ውክልና፣ በአንድ ቀን በመላው ግቢ ከሚደረግ ምርጫ ይልቅ ጉዳይ ላይ የቆመ ይሆናል።

ይህ ሁሉ አሁን አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ቀደም ሲል ተማሪው ስለ ክፍያ፣ ስለ ቅበላ ወይም ስለ ትምህርት ዘመን አከፋፈል ሲጠይቅ «ከሚኒስቴር የመጣ ነው» የሚል መልስ ይሰጠው ነበር፤ መልሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተናም ውሳኔው ከግቢ ውጭ የተወሰነ ነበር። ራስ ገዝነት ግን የአካዳሚክ፣ የአስተዳደር፣ የፋይናንስና የሰው ኃይል ውሳኔዎችን ወደ ግቢው ውስጥ ያስገባል። ከአሁን በኋላ ተማሪው ምን ያህል እንደሚከፍል፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚዘጋ፣ የትኛው እንደሚከፈት የሚወስኑት በአንድ ኮሪደር የሚተላለፋቸው ሰዎች ይሆናሉ። የፕሮግራም መዝጋት ጉዳይ ብቻውን እንኳ ብዙ ይናገራል፤ የተመዘገቡበት ትምህርት ሊዘጋ መሆኑን ተማሪዎች ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚያነቡት ከሆነ፣ በሚያዝያ 1993 የጠፋው ጠረጴዛ ዛሬም እንደጠፋ ነው ማለት ነው።

ሌጅስሌሽናቸውን በአዲስ መልክ እየጻፉ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ አንቀጽ ብቻ አስገቡ ብባል የማስገባው ይህንን ነው፤ ክፍያን፣ የፕሮግራም መከፈትና መዘጋትን፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳንና የአካዳሚክ ካሌንደርን የሚመለከት ማንኛውም ሐሳብ ረቂቅ ከመሆኑ በፊት፣ ችግሩን በሚያጠናው ቡድን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ተማሪዎች ይኑሩበት፤ የጥናቱም ሪፖርት ያለ እነሱ ፊርማ፣ ወይም ያልፈረሙበት ምክንያት ሳይያያዝበት፣ ወደ ሴኔት አይቅረብ። በእኛ ትምህርት ክፍል የሚቀጥለው ክለሳ የፍላጎት ዳሰሳ ሲጀመር የሦስተኛ ዓመት ሁለት ተማሪዎችና በቅርቡ ተመርቆ ሥራ የያዘ አንድ ወጣት ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ እንዲኖሩ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ስሞቹን ክፍሎቹ ራሳቸው መርጠው እንዲልኩ ለተወካዮቹ ደብዳቤ ተጽፎላቸዋል።